ኦፕፊኮን፣ ከቀኑ በአስራ አንድ ሰዓት

በዚህ ወር ሩቅ አንሄድም። ተራራ የለም፣ መርከብ የለም፣ የቸኮሌት ፋብሪካም የለም። ከኦርሊኮን 10 ቁጥር ትራም ተሳፈሩ፣ ልጆቹን መስኮት ዳር አስቀምጡና ኦፕፊኮን እንውረድ። (የዙሪክ ከተማ 110 ዞን ብቻ ካላችሁ 121ን መጨመር አትርሱ። ከዚህ ጉዞ ቅጣት ይዛችሁ እንድትመለሱ አልፈልግም።) ሰዓቱን ግን እኔ ልምረጥ፤ ኅዳር ውስጥ፣ የሥራ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። እዚህ አገር 17፡00 የሚሉት ማለት ነው።

ግላትፓርክ ስትደርሱ ውረዱ። ልጆች፣ የመንገዶቹን ስም እያነበባችሁ ሂዱ፤ ሊንድበርግ፣ ሊሊየንታል፣ ራይት። ሁሉም የበረራ ሰዎች ናቸው። ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ በማለዳ ከደቡብ በኩል የሚያርፉት አውሮፕላኖች ጣራ ሊነኩ ምንም ያህል አይቀራቸውም። እዚህ የኖረ ሰው የመቀስቀሻ ሰዓት አይገዛም።

ይህ ሰፈር ድሮ ረግረግ ሜዳ ነበር። አሁን ወደ 7,000 ለሚጠጉ ነዋሪዎች የታሰበ አዲስ ሰፈር ሆኗል፤ ሕንፃው አራት ማዕዘን፣ መስታወቱ ሰፊ፣ በረንዳው ትልቅ። በጎኑ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በበጋ ልጆቻችን ይዋኙበታል፣ እኛም ቡና በፔርሙዝ ይዘን ሣሩ ላይ እንቀመጣለን። በኅዳር ግን ዳክዬዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ከኦፕፊኮን ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የስዊዝ ፓስፖርት የለውም። ፖርቹጋሉ፣ ኮሶቮው፣ ታሚሉ፣ ጀርመኑ፣ ኤርትራዊውና እኛ አንድ ደረጃ እንወጣለን፣ በአንድ ማሽን በተራ እናጥባለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስማችንን እንኳን አንተዋወቅም።

አሁን ሐዲዱን ይዛችሁ ወደ ግላትብሩግ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ አሮጌው የኦፕፊኮን መንደር ተራመዱ። ዱሮ ገበሬ ይኖርባቸው የነበሩ ትላልቅ ቤቶች አሉ፤ ቀጥሎ ግቢ ያላቸው የቤተሰብ ቤቶች፣ ከዚያ የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች። በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ 17፡00 ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰው ሁሉ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ወይም ባቡር ላይ፣ ወይም ሱቅ። እስኪ ቆም በሉና መስኮቶቹን ተመልከቱ። የትኛው መብራት አለው? የትኛው ጨልሟል? የፖስታ ሳጥኑ ሞልቶ የሚፈሰው የማን ነው? በረንዳ ላይ መሰላል የተወው ማነው?

ይኸውላችሁ፣ አሁን ሌባ የሚያየውን አያችሁ።

ለዚህ ነው ሰዓቱን የመረጥኩት። በጀርመንኛው የስዊዝ ክፍል ፖሊስ ለዚህ የተለየ ስም አለው፣ የድንግዝግዝ ስርቆት ሊባል ይችላል። በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ የዙሪክ ካንቶን ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ይጀምራል። በጨለማ ሌሊት የሚመጣ ሌባ በፊልም ነው። የእዚህኛው ሌባ ከሥራ ከመመለሳችን በፊት ሥራውን ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። የሚፈልገው ሀብታም ቤት ሳይሆን ባዶ ቤት ነው፤ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ብርሃኑን በማየት ነው። ወደ አውራ ጎዳና ቶሎ የሚያስገባ ሰፈር ከሆነማ የበለጠ ይመቸዋል። ኦፕፊኮን ደግሞ አውራ ጎዳናው አጠገቧ ነው።

እዚህ አገር ሁሉም ነገር የሥራ ሰዓት አለው ብለን እንቀልድ የለ? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014 የአዲስ አበባ–ሮም አውሮፕላናችን በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቭ ሲያርፍ አጅበው ያመጡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የስዊዝ አየር ኃይል በዚያ ዘመን ከቢሮ ሰዓት ውጭ አይነሣም ነበር። ዓለም ሁሉ ስቆባቸዋል። (ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ሌት ተቀን ዝግጁ ሆነዋል።) ሌባውም የእኛን የሥራ ሰዓት ልክ እንደዚያ አጥንቶታል።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ። ጽሑፉን ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ከግላትብሩግ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳንርቅ፣ ከእነዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ እንኖር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። ምድር ቤት አንዲት ፖርቹጋላዊት ትኖር ነበር፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ። ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች፣ 16፡30 ላይ ትወጣለች። «ቦም ዲያ» እና «ግሩኤትሲ» ከመባባል በቀር አንነጋገርም ነበር። አንድ ኅዳር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ከታች ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ እንጨት ሲሰነጠቅ። ከዚያ ጸጥ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ፣

«እማዬ፣ ታች ምንድነው?» አለችኝ።

«ቁም ሳጥን እየገጣጠሙ ይሆናል። ሥራሽን ሥሪ።»

«ግን እኮ ሴትዮዋ ሥራ ሄዳለች። አይቻታለሁ።»

እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ትክክል ሲሆን የሚመጣውን ንዴት። «አንቺን ማን ጠየቀሽ!» አልኩና ሽሮዬን ማማሰል ቀጠልኩ። ስልኬ ከምድጃው አጠገብ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ ይደርሳል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደረጃው በፖሊስ ተሞላ። የበረንዳዋን በር ነው በጠፍጣፋ ብረት የፈለቀቁት። የእናቷን የወርቅ ሐብል፣ የልጅ ልጇን የክርስትና አምባር፣ ለገና አገሯ ልትሄድበት በኤንቨሎፕ ያስቀመጠችውን ብር ወስደዋል። ፖሊሱ በየፎቁ እየዞረ ይጠይቃል። እኔም ዘንድ መጣ። ሰምተሻል? አዎ። ስንት ሰዓት? አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃያ ሲቀረው፣ በእነሱ 17፡40። ታዲያ ለምን አልደወልሽም? «መረበሽ አልፈለግኩም» አልኩት። ጻፈው። አልተቆጣም። «ይህ መረበሽ አይደለም፣ ሥራችን ነው» አለኝና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ሴትዮዋን በማግስቱ ቡና ይዤ ሄድኩ፤ በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ስለ ወርቁ ብዙም አላወራችም። ደጋግማ ያነሣችው የውስጥ ልብሷ መሳቢያ ተገልብጦ አልጋዋ ላይ መገኘቱን ነበር። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። ለበልግ ቤቱን ለቃ ልጇ ዘንድ ገባች። በሬ ሥር ሲደወል ዛሬም የምትደነግጥ ይመስለኛል። ልደውል እችል ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ለምን አልደወልኩም? ብዙ አስቤበታለሁ፤ እናንተም ራሳችሁን ታዩበት እንደሁ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጀርመንኛዬ በድንጋጤ ጊዜ ጥሎኝ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከፖሊስ ጋር የሚያገናኝ ነገር ሁሉ ይከብደኛል፤ ከአገር ይዘነው የመጣነው ነው፣ በወረቀት ጥበቃ ዓመታት የባሰ ይሆናል። ሦስተኛው ይበልጥ ያሳፍራል፤ «የእኔ ቤት አይደለም» ብያለሁ።

አዲስ አበባ ቢሆን እንዲህ እናደርግ ነበር? እስኪ የልጅነት ሰፈራችሁን አስታውሱ። የግንብ አጥር፣ አናቱ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ። የቆርቆሮ በር። ዘበኛው በካፖርት ተጠቅልሎ፣ አጠገቡ ውሻው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እትዬ እገሌ ከመስኮቷ የማትጠፋው፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» የምትለው። ሌባ ከውሻው ይልቅ እሷን ይፈራል። «ሌባ! ሌባ!» ከተባለ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ እሱንም መሸፈን የለብንም።

ድሮማ ሌባ መፈለግ የሁሉም ግዴታ ነበር። በአገራችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስርቆት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ያየና የሰማ እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረ ይቀጣል። ማረሻው ጦሙን ያድር ነበር፣ ግን «አላየሁም፣ የእኔ ቤት አይደለም» ማለት አይቻልም። ሌላም ነበር፣ ሌባ ሻይ የሚሉት። ልጆች፣ የሚጠጣው ሻይ አይደለም፤ መሻት፣ መፈለግ ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ያጠጡታል፣ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሄዳል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ ተፈርዶበት ይሆን?

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ወዳጃችን፣ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ አለው። ልጁ በድንግዝግዝ ከጓደኛው ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ይጠብቃል። ደወል ደወለ፣ መልስ የለም፤ ደግሞ ደወለ። አንድ ጎረቤት ለፖሊስ ስልክ መታ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው መታወቂያ ጠየቁት፣ ቦርሳውን አዩለት፣ ይቅርታ ብለው ሄዱ። በትህትና ነበር ይላል አባቱ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ ጓደኛው ዘንድ ከመሄዱ በፊት ሜሴጅ ሳይጽፍ አይሄድም፤ በር ላይም አይቆምም። ሌባ ሻይ በአዲስ መልክ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ «ጎረቤት ይጠብቅ» ስንል የምን ጎረቤት እንደሆነ መለየት አለብን። መደወል ያለብን ሰው በሚያደርገው ነው እንጂ በመልኩ አይደለም። በየበሩ እጀታ የሚሞክር፣ በረንዳ የሚወጣ፣ ሰው እንደሌለ አይቶ ወደ ጓሮ የሚዞር፣ መስታወት የሚሰብር ድምፅ። እሱ ነው የሚነገረው፤ ምን ለብሷል፣ ወዴት ሄደ፣ መኪናው ታርጋው ምንድነው።

ቁጥሩ 117 ነው። ዙሪክም፣ ጄኔቭም፣ ሉጋኖም አንድ ነው። ኦፕፊኮን የራሷ የከተማ ፖሊስ አላት፣ ግን ሌባ እየሰበረ ሳለ ቁጥር መፈለግ አያስፈልግም፤ 117 በቂ ነው። ጀርመንኛው ቢጠፋችሁ «አይንብሩኽ» በሉ፤ ጄኔቭ ላይ «ካምብሪዮላዥ»። ከዚያ መንገዱን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ከተማውን፣ ፎቁን። ሰዋስው የሚያርም የለም። የምታዩትን ለመናገር በመደወል የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። ቁም ሳጥን የሚገጣጥም ሰው ሆኖ ቢገኝም አይቀጡዋችሁም፤ በቅን ልቦና ነው የደወላችሁት። ፖሊስ ራሱ በየጊዜው የሚለምነው ይህንኑ ነው፤ ተጠራጠራችሁ? ወዲያው ደውሉ። ሌባውን ለመያዝ ግን አትውረዱ። ጀግንነት በመስኮት በኩል ነው።

ስለ ቁጥር ካነሣን፣ በመላው ስዊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ70,000 በላይ የቤት ሰብሮና ሾልኮ መግባት ስርቆት ተመዝግቦ ነበር። በ2021 ከግማሽ በታች ወረደ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

የቤቱን ነገር ደግሞ ባጭሩ። እዚህ መስኮት ሁለት ዓይነት ይከፈታል፤ በጎን ሙሉ በሙሉ፣ ከላይ ደግሞ ጋደል ብሎ። ሽንኩርት ስናቁላላ፣ እጣን ስናጨስ ጋደል አድርገነው እንወጣለን። ለሌባ ጋደል ያለ መስኮት ክፍት መስኮት ነው፤ ጥቂት ሰከንድ አይፈጅበትም። በተለይ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያላችሁ ሱቅ ስትወርዱ እንኳን ዝጉት። ጠንካራ መስኮትና በር በደረጃ ይመደባል፤ አርሲ 2 የሚባለው ደረጃ ጠመንጃ መፍቻና ፒንሳ ለያዘ ሰው ሦስት ደቂቃ እንዲቋቋም ተደርጎ የተፈተነ ነው። ሦስት ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ጎረቤት ሊሰማ ይችላል ብሎ ለሚሠራ ሰው ግን ረጅም ናት፤ ብዙው ከዚያ በፊት ትቶ ይሄዳል። እኛ አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን፣ በር አንቀይርም። ግን አከራዩን በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። የካንቶኑ ፖሊስ ደግሞ የመከላከያ ምክር በነጻ ይሰጣል፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር እዚህ አገር ስንት ነው?

የበሩን ቁልፍ አውጡና እዩት። ጥርስ የለውም፣ ጎንና ጎኑ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ በየትኛውም ገጽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1934 የዚህን ዓይነት ተገላባጭ ቁልፍ ያወጣው ካባ የሚባለው የዙሪክ ድርጅት ነው፤ ተከታዩ ኩባንያ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከኦፕፊኮን ጎረቤት፣ ሩምላንግ ነው። ቁልፉ «ካባ» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የሙሽራ ካባ ነበር ትዝ ያለኝ። ልጆች፣ ቁልፋችሁ የሚጠፋባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናት የምትቆጣው ለሃያ ፍራንክ ብላ አይደለም። የብዙ ሕንፃ ቁልፍ በካርድ ነው የሚባዛው፣ ከጠፋ የሕንፃው መቆለፊያ ሊቀየር ይችላል፣ ሒሳቡ ደግሞ በእኛ ይመጣል።

አሁን ወደ ወርቁና ወደ ዕቁቡ ልምጣ። እዚህ ጋ ቀስ ብለን እንነጋገር፤ የእኛ ቤት ከጎረቤቱ የሚለየው በዚህ ነውና።

የሠርግ ወርቅ አለ፤ የእናት መስቀል፣ የአያት ድሪ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ደግሞ አስር ሺሕ፣ አስራ አምስት ሺሕ ፍራንክ በጥሬው ተቀብሎ «ሰኞ ባንክ አስገባለሁ» ብሎ ከአልጋ ሥር፣ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። (ፍሪጁን ሌባም ያውቀዋል፤ ጤፉን እስካሁን ላያውቀው ይችላል።) የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ፣ ሃውስራት የሚሉት፣ አለኝ ብላችሁ ከሆነ ውሉን ዛሬ ማታ አውጡና ሁለት መስመር ፈልጉ። ጥሬ ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሺሕ ፍራንክ ነው። ጌጣጌጥ ከካዝና ውጭ ከሆነ የራሱ ሌላ ጣሪያ አለው። ከዚህ የባሰው ቀጥሎ ነው፤ በሩ ሳይሰበር፣ ያልተቆለፈ በር ከፍቶ የገባ ሌባ በብዙ ውል እንደ ተራ ስርቆት ይታያል፣ በተራ ስርቆት ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ አይከፈልም። ጋደል ያለ መስኮትም «ቸልተኛ ነበራችሁ» ተብሎ ክፍያውን ሊያስቀንስ ይችላል። ዕቁብ ሰብሳቢዎች፣ እባካችሁ በባንክ ዝውውር መስጠትን ልመዱ። የማይሆን ከሆነ ዕጣው የሚወጣበትን ቀን የባንክ የሥራ ቀን ዋዜማ አድርጉት፤ አርብ ማታ አይሁን።

ወርቁን ዛሬ ማታ ጠረጴዛ ላይ አውጡና አንድ በአንድ ፎቶ አንሡ፣ ለብሳችሁት የተነሣችሁትን የሠርግ ፎቶም አብራችሁ አስቀምጡ። ያቺ ጎረቤቴ የእናቷን ሐብል ለፖሊስ በእጇ አየር ላይ እየሣለች ነበር ያስረዳችው። ፎቶ አልነበራትም። ቢገኝ እንኳን በምን ይለይላት?

አገር ቤት ስትሄዱስ? ቦሌ ሳትደርሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፓስፖርትና ቦርዲንግ ካርድ አንስታችሁ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ «ቤቴ ለስድስት ሳምንት ባዶ ነው» ብሎ በር ላይ ከመለጠፍ አይለይም። ፎቶውን ስትመለሱ ለጥፉት፤ ጥሩ ነገር አይበላሽም። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤያችሁን እስክትመለሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። መብራት በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ከየሱቁ በጥቂት ፍራንክ ይገኛል። ሠርግና ክርስትና፣ የበዓል ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ሰው በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ባለበት ሌሊት ሁሉም ቤት ጨልሞ ያድራል።

ልጆች፣ ይህ ክፍል የእናንተ ነው። ወላጆች ከፈለጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ከትምህርት ቤት መጥታችሁ ብቻችሁን ቤት የምትቆዩ ብዙ ናችሁ። ቁልፉ አንገታችሁ ላይ አለ፣ ምሳ ሳህን ውስጥ ተሸፍኗል። እማዬ ምን ትላችኋለች? «ማንም ቢደውል ዝም በሉ። ማንም እንደሌለ ሁኑ። መብራት አታብሩ።» እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ያ ፖሊስ ተመልሶ ሕንፃውን ሲያስተምር ነው። ሌባ ደወሉን የሚደውለው ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው። ዝም ካላችሁ «ባዶ ነው» ይላል። እሱም እናንተን አይፈልግም፤ ሰው መኖሩን ካወቀ ይሄዳል። ስለዚህ በሩን አትክፈቱ፣ ግን ድምፅ አሰሙ። መብራት አብሩ። «አባዬ! ሰው መጥቷል!» ብላችሁ በአማርኛ ጩኹ፤ አባዬ ሥራ ላይ ቢሆንም። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉ። ሰውየው ካልሄደ፣ ወይም በረንዳው ላይ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ቆልፋችሁ 117 ደውሉ፣ ከዚያ ለእማዬ። ቅደም ተከተሉን አትለውጡት፤ እማዬ ከአርባ ደቂቃ በፊት አትደርስም።

ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በሩ ተሰብሮ ብታገኙትስ? አትግቡ። ምንም አትንኩ። ጎረቤት ጋ ሂዱና ከዚያ ደውሉ። ለዚህ ግን ጎረቤት ማወቅ ያስፈልጋል። የአንዱን ስምና የአንዱን ፎቅ እወቁ፤ እናትና አባት ያን ሰው መርጠው ያስተዋውቋችሁ። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ፖሊስ ነኝ፣ ሌባ ሊመጣባችሁ ነው፣ ወርቃችሁንና ብራችሁን ለጥበቃ ስጡኝ» ካለ ደግሞ ውሸት ነው። ዝጉት። ይህን ለአያቶቻችሁም ንገሩ፤ እዚህ አገር ብዙ ሽማግሌ በዚህ ተታልሏል።

እኛ ሕንፃ ዛሬ ምን ይመስላል? ምድር ቤቷ በገባችው ቦታ አንድ ስዊዛዊ ሽማግሌ አለ፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር። መጀመሪያ ላይ መጋረጃውን ገልጦ ማየቱ ያናድደኝ ነበር፤ ጫማ ከደረጃ አንሡ፣ ጋሪ አታቁሙ የሚለው ደግሞ የባሰ። አንድ ቀን ልጄ፣ ያችው ትክክል የነበረችው፣ አምባሻ በሳህን ይዛ ወረደች። እሷን ማንም አልላካትም። አሁን የታሚሎቹ ቤተሰብ፣ የኮሶቮዎቹ፣ እሱና እኛ የዋትሳፕ ቡድን አለን። ብዙው መልእክት ስለ ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ልብስሽን ከማሽን አውጪ የሚል ጭቅጭቅ። አንዳንዴ ግን «ሁለተኛ ፎቅ የሚሰማው መዶሻ የማነው?» የሚል ይመጣል፣ «የእኔ ነው፣ አልጋ እየገጠምኩ» የሚል መልስ ይከተላል። ባለፈው ኅዳር ለዚህ ጥያቄ ስድስት ደቂቃ መልስ ጠፍቶ ሽማግሌው 117 ደውሎ ነበር። ባዶ ሆነ፤ ነፋስ የመታው መዝጊያ ነው። ፖሊሶቹ አመስግነው ሄዱ።

እንግዲህ መሽቷል፣ ወደ ትራሙ እንመለስ። በእኛ ሕንፃ በኩል እናልፋለን። ሦስተኛ ፎቅ መብራቱ በርቷል፤ ማንም የለም፣ ልጄ ስፖርት ላይ ናት፣ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። መሣሪያው ነው 16፡45 ላይ ያበራው። ምድር ቤት መጋረጃው ነቅነቅ ሲል አያችሁ? እጃችሁን አንሡለት። እነማን እንደሆናችሁ እያየ ነው።